አንቺ በሉኝ

ደሜን የሚያፈላው ውሸት አይደለም። ውሸትማ ለምጄዋለሁ፤ የባይሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ሁሉ በየሳምንቱ አያቱን ይቀብርልኛል። እኔን የሚያንጨረጭረኝ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ እውነቱን ሲናገር፣ «ይህን ያልከው አንተ አይደለህም» ሲባል ነው። ያን ቀን ሞጣ አጠገብ ያየሁትን ሳስበው ዛሬም ምሳዬን ትቼ እነሳለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረሽ» ይለኛል። አዎ፣ ጀመረኝ።

የምኖረው ቢቸና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከታዳጊዎች ጋር እንቀመጣለን። በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት፣ የተመለሱልን ልጆች ያኔ የሄዱት አልነበሩም። ወንድሙን የቀበረ አለ፣ ጫት የለመደ አለ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር የሚገባ አለ። እነሱን ይዘን መቀመጥ ጀመርን። መዝሙረ ዳዊት አንብበን፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግመን፣ ክብ ሠርተን እንቀመጥና የከበደው ይናገራል። ስሙን ልጆቹ ራሳቸው «እፎይታ» አሉት።

እዚያ የተባለ እዚያው ይቀራል። እሱ ቀላሉ ሕግ ነው። ከባዱ፣ ሰው ሲናገር «አይዞሽ፣ ቻይው፣ ያለፈ ነው» ማለት ክልክል መሆኑ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ የሚያቅተኝም እኔ። ምላሴን ሲበላኝ የነጠላዬን ጥለት እነክሳለሁ፤ ጥለቱ አልቋል።

ትርንጎ የመጣችው እናቷ በክረምት ካረፈች በኋላ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት። አባቷን አታውቀውም፤ የእናቷ ወንድም አያ ደመላሽ ወስዶ ያኖራታል። ብዙ ቅዳሜ መጥታ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሄደች። አንድ ቀን ግን ተራው ሲደርሳት መሬት መሬት እያየች፣ «እናቴ አንተ ነበር የምትለኝ» አለች።

ማንም አልሳቀም። እኛ አገር ቁልምጫው እንዲያ ነው፤ ሴቷን በወንድ፣ ወንዱን በሴት።

«‹ና እስቲ፣ በላህ ወይ የኔ ጌታ?› ነበር የምትለኝ። ስትቆጣ ብቻ ነው አንቺ የምትለኝ። አሁን ሁሉም አንቺ ይለኛል። የተቆጡኝ እየመሰለኝ ነው የምውለው።»

ጥለቴን ነከስኩ። ስብሰባው ሲያልቅ አንዱ ጎረምሳ፣ «አንተ ትርንጎ፣ ያንን ወንበር አቀብለኝ እስቲ!» አላት። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በአዳራሹ ውስጥ ትርንጎ አንተ ሆነች። እኔም «ና»፣ «ግባ»፣ «ተቀመጥ» እላታለሁ። አንዳንድ ቀን አውቃ በር ላይ ትቆማለች፣ «ና ግባ» እንድላት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቀረች። ሰብለ የምትባል ጓደኛዋን ጠየቅኋት።

«እትዬ አስካለ፣ ሞጣ ወስደዋታል። ጸበል።»

«ምን ሆና?»

«ሽማግሌ መጣ። አያ ደመላሽ እሺ ብሎ ቃል ሰጠ። ጠርተው ሲነግሯት ወደቀች። በማግስቱም ወደቀች። አክስቷ ትዳር የሚጠላ ዓይነ ጥላ ነው አለች። ይለቃትና ከጾሙ በፊት ትዳራለች።»

ሰብለ ይህን ስትነግረኝ ነጠላም ጥለትም አላስታወስኩም። በቀጥታ የሄድኩት መምሬ ይትባረክ ቤት ነው። የትርንጎ እናት የንስሐ አባት ነበሩ፤ አሁንም የቤቱ የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። አዳራሹን የፈቀዱልንም እሳቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ረጋ ያሉ ናቸው፤ እኔን ደግሞ ረጋ ያለ ሰው ያበሳጨኛል።

«ጸበል መሄዷ ምን ክፋት አለው ልጄ?» አሉኝ።

«ክፋቱ ጸበሉ አይደለም አባ። ሰርጉ ነው።»

«የምን ሰርግ?»

አልነገሯቸውም! የንስሐ አባት ናቸው፣ ልጅቷን ያጠመቋት እሳቸው ናቸው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ሲበላ ሲጠጣ ግን ማንም አልጠራቸውም። ከተቀመጡበት ተነሱ።

«የንስሐ ልጄን ሲድሩ እኔ አልሰማም?»

«አልሰሙም አባ።»

«መቼ ነው መኪና ያለው?»

እሑድ ቅዳሴ ስለነበር ሰኞ በጠዋት ሄድን። ለርዕሰ መምህሩ ደውዬ አሞኛል አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ አሞኝ ነበር። መንገዱን ሙሉ መምሬ ዳዊታቸውን ደገሙ። ግንደወይን ላይ ረዳቱ ሰው እስኪሞላ አልንቀሳቀስም ብሎ ሲቆም ወርጄ ልሰድበው ስል፣ «አስካለ፣ ቁጣሽን ቆጥቢው፣ ሞጣ ያስፈልግሻል» አሉኝ። ሳቅሁ፣ ግን አልቆጠብኩም፤ ረዳቱንም ሰደብኩት።

የጸበሉን ስም አልጠራም። ከሞጣ በባጃጅ ሄደን፣ ከዚያ ቁልቁል በእግር ወረድን። ደግ ጸበል ነው፤ ራሴም ልጅ ሆኜ ጠጥቼዋለሁ። ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፣ ሰዉ በጭቃው ላይ ተኮልኩሏል። የደብሩ ካህን ለቅሶ ሄደዋል አሉን። በእሳቸው ቦታ ጸበሉን የሚረጨው አንድ ወጣት ነበር፤ ቄስ አይደለም፣ ዲያቆን መሆኑንም እንጃ። መስቀል ይዟል፣ ድምፁም አገር ያናውጣል።

ትርንጎ ፏፏቴው ሥር ተንበርክካለች። ነጭ ልብሷ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ ትንቀጠቀጣለች። አያ ደመላሽ ከጎኗ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። እኛን አላየንም። ከሐሙስ ጀምሮ ዝም ብላለች አለችኝ አጠገቤ የቆመች ሴት፤ መንፈሱ እልከኛ ስለሆነ ነው አለች።

ወጣቱ ውኃውን በባልዲ እየቀዳ አፈሰሰባት። ትንፋሽ አጠራት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በዚያ ድምፁ ጮኸባት።

«አንተ! አንተ ማነህ?»

የትርንጎ ፊት ተለወጠ። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንደሆነም ከዚያ ሕዝብ መሀል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀና አለች። አፏ ተከፈተ። በብርድና በረኃብ ደንዝዛ ቀናት ከርማ፣ ድንገት ከሰው መሀል አንድ ሰው አንተ አላት።

«እናቴ!» አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እልልታው ቀለጠ። «ለፈለፈ! ለፈለፈ!» አሉ። ወጣቱ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ሰማችሁ? በእናቷ በኩል ነው የመጣው! ከእናቷ ነው የወረሰችው!»

በእግዚአብሔር! የሞተችውን ሴት ደግሞ አመጧት። ልጅቷ ግን እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀች።

«እናቴ ናት እንዲህ የምትለኝ» አለች። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እኮ።»

«አንተ ነህ! አወቅንህ!» አለ ወጣቱ። «ለምንድነው ትዳሯን የምትከለክላት?»

«አላገባም። ትምህርቴን እጨርሳለሁ።»

«ያው! ትምህርት ትምህርት የሚላት እሱ ነው!»

«አያ ደመላሽ፣ አልፈልግም አልኩህ እኮ። እቤትም ነግሬሃለሁ።»

አያ ደመላሽ በደስታ እንባው ፈሰሰ። «ተመስገን! ራሱ አመነ! ስሜን ጠርቶ አመነ!» አለ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የእህቱ አደራ ናት፣ ሳትዳር ትቀራለች ብሎ የፈራ ሰው ነው። ፍርሃቱ ግን ጆሮውን ደፍኖታል።

«መቼ ነው የምትለቃት?» አለ ወጣቱ።

«ማንን ነው የምለቀው?» አለች ትርንጎ፣ ግራ ገብቷት።

በአማርኛችን «እኔ» ወንድም ሴትም የለውም። «አላገባም» ስትል፣ «አልፈልግም» ስትል፣ ማን እንዳለው ቃሉ አይለይም። የሚለየው የሚጠይቃት ሰው ነው። እሱ አንተ ብሎ እስከጠየቃት ድረስ፣ የምትመልሰው ሁሉ ‹አንተ› የተባለው የመንፈሱ ይሆናል። ልጅቷ እዚያ ጭቃ ላይ ተንበርክካ ልቧን ስትዘረግፍ፣ ቃሉ ከአፏ እየወጣ ለሌላ ይቆጠርላት ነበር።

አልቻልኩም። ሰዉን ገፍቼ ገባሁ።

«ልጅቷን ስሟት እንጂ! እሷ እኮ ናት የምትናገረው!»

አያ ደመላሽ ሲያየኝ ደነገጠ። «መምህር፣ እርስዎ ባይሎጂዎን ያስተምሩ። ይህ የመንፈስ ነገር ነው» አለኝ።

«የመንፈስ ነገር አይደለም! እንቢ አለችህ! እንቢ ማለት ነው!»

ወጣቱ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ ያንን ባልዲ አንስቶ ግማሹን ደረቴ ላይ ቸለሰው።

«አንተስ ማነህ?» አለኝ።

«አስካለ ነኝ! የሦስት ልጆች እናት ነኝ! ማንን ነው አንተ የምትለው?»

«እሷም ላይ ጮኸ!» አለች አንዷ ከኋላዬ። እልልታው እንደገና ቀለጠ። አንዲት ደግ ሴትዮ እጄን ይዛ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ዛሬ ይለቅሻል» አለችኝ።

በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ከጮኽኩ መንፈሱ ጮኸ ይባላል፤ ዝም ካልኩ ድናለች ይባላል። መውጫ የለውም። እኔ አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ ደመወዝተኛ፣ ምላሰኛ ሴት በአንድ ባልዲ ውኃ አንተ ከሆንኩ፣ ያች ልጅ ምን ይዋጣት? ውኃው ከአገጬ እየተንጠባጠበ ቆሜ ቀረሁ።

ትርንጎ ግን እኔን ታየኝ ነበር። ወጣቱ እኔን አንተ ሲለኝ አይታለች። የሆነ ነገር የገባት ያኔ ይመስለኛል። ፊቷን በእጇ ጠረገች፤ ልቅሶዋ ቆመ። ከተንበረከከችበት ተነስታ ቆመች። ጩኸት የለ፣ ምን የለ፣ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ እንደምትናገረው አድርጋ፣ «አንቺ በሉኝ» አለች።

«ምን አልክ?» አለ ወጣቱ።

«አንቺ በለኝና ጠይቀኝ። ያኔ እመልሳለሁ።»

«ሊያታልለኝ ነው!» አለ ወደ ሕዝቡ።

«አያ ደመላሽ፣ አንተ ጠይቀኝ። አንቺ ብለህ ጠይቀኝ።»

አያ ደመላሽ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። አስቡት፤ ትንሽ ነገር እኮ ነው የለመነችው። ማንም ግን ሊላት አልፈለገም፤ አንቺ ብሎ ከጠየቃት መልሷን መስማት አለበታ!

ትርንጎ ዓይኗን ከሰው ወደ ሰው እያንከራተተች መምሬን አገኘቻቸው። ከጀሪካኖቹ አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አባ፣ እርስዎ ይጠይቁኝ።»

መምሬ በጭቃው ላይ እየተጠነቀቁ መጡ። ለወጣቱ ፈገግ አሉለትና፣ «ልጄ፣ ፈንጠር በል እስቲ» አሉት። ሽማግሌ ቄስ ናቸውና ፈንጠር አለ። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ትርንጎ ነኝ አባ። ወለተ ሥላሴ።»

«ያጠመቅሁሽ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ማግባት ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።»

«ይህን የምትይኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም አልጠየቀኝም። ሲነግሩኝ ዓይኔ ይጨልምና እወድቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ የሆንኩት የለም።»

መምሬ ወደ አያ ደመላሽ ዞሩ።

«ደመላሽ፣ ጋብቻዋን ልባርክ ስቆም ‹ፈቅደሻል ወይ?› ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ዛሬ አልፈልግም ያለኝ መንፈስ ነው ካልክ፣ ያን ቀን እሺ የሚለኝ ማን ነው? እሱንም መንፈስ ነው ብዬ ጸበል ላስረጨው?»

ከሰዉ መሀል አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። አያ ደመላሽ አልሳቀም። አንድ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ።

«ቃል ሰጥቻለሁ አባ። ሰው ፊት ነው የሰጠሁት። አንቱ አታውቁትም እንዴ፣ በምን ፊቴ እመለሳለሁ?»

«እሷም ይኸው ሰው ፊት ሰጠች» አሉ መምሬ።

አያ ደመላሽ ቀና ብሎ ትርንጎን አያት፤ እኔ እንደማምነው በዚያ ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። «በርዶሻል» አላት። «ልብስሽን ለውጪ።» ይቅርታ የምትመስል ነገር ከእሱ የሰማነው ይህችን ብቻ ነው። ወጣቱ ከኋላችን «ተደበቀ እንጂ አልለቀቃትም!» እያለ ይጮህ ነበር። መልስ ልሰጠው ዞር ስል መምሬ ክንዴን ያዙኝ።

ሰርጉ ቀረ፤ ግን በሰላም አልቀረም። የወንዱ ወገኖች ተቀየሙ። አክስቷ እስከ ዛሬ ደጄን ታልፋለች እንጂ ሰላም አትለኝም። አያ ደመላሽ በገበያ ሲያገኘኝ ኮፍያውን ነካ አድርጎ ይሄዳል። ለመውደቋ ትርንጎ ሐኪም ቤትም ሄዳለች፣ ጸበሉንም ጠጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልወደቀችም።

ወደ ቢቸና ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎኔ ተቀምጣ ነበር። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋለች፤ ፀጉሯ ገና አልደረቀም። እኔም እንደ ለመድኩት፣ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ደረስን» አልኳት።

ቀና አለች።

«እትዬ፣ አንተ አይበሉኝ።»

«ለምን?»

«አንተ ስባል ማን እንደሚመልስ ሰው አያውቅም። አንቺ ስባል ግን እኔ መሆኔን ያውቃሉ።» ቀጥላም፣ «የእናቴ ነበር፤ ያ ሰውዬ ወሰደው» አለች።

ይህ ነው የሚያንገበግበኝ! ሰርጉ ቀርቷል፣ ልጅቷ ትማራለች፣ «ታዲያ ምን ቀረሽ?» ይሉኛል። ልጅቷ ለመሰማት ብላ ከእናቷ የቀራትን አንድ ነገር እዚያ ጭቃ ላይ ጥላ መጣች። ሰው ቃሏን እንዲያምናት ሌላ ቃል መክፈል ነበረባት? እንቢ ማለቷ ብቻ አይበቃም ነበር?

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጸበል ተሳደበች ብላችሁ እንዳታሙኝ። አልተሳደብኩም። ጸበል እጠጣለሁ፣ ልጆቼንም አስጠምቃለሁ፣ የታመመ ሲድን በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። እቤታችሁ ያለችው ልጅ ያልጠበቃችሁትን ስትናገር፣ «ማን አስተማረሽ?»፣ «ጓደኞችሽ ናቸው»፣ «ስልኩ ነው»፣ «የሆነ ነገር ይዟት ነው» ትላላችሁ። ባልዲ ስላልያዛችሁ ነው እንጂ ከዚያ ወጣት በምን ትለያላችሁ? ስታዝንም ሌላ ነው፣ ስትቆጣም ሌላ ነው። እሺ ስትል ብቻ እሷ ናት። ኧረ ተዉ! ልጅ የሚፈወሰው መጀመሪያ የተናገረው እሱ ራሱ መሆኑ ሲታመንለት ነው። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ደረቴ ላይ ከተቸለሰው ውኃ ነው።

ከዚያ ወዲህ በእፎይታ አንድ ሕግ ጨመርን። የሚናገር ሰው ሲጀምር «የምናገረው እኔ ነኝ» ይላል። ሌሎቻችንም «አንተ ነህ»፣ «አንቺ ነሽ» ብለን እንመልሳለን። መጀመሪያ ልጆቹ ይሳሳቁበት ነበር። አሁን አይስቁም።

ትርንጎ አሥረኛ ክፍል ገብታለች። ባለፈው አንድ ቅዳሜ ዝናብ ጥሎ ዘግይታ መጣች። ዳዊት ተነቦ አልቋል፤ በሩ ላይ ነጠላዋን እየጨመቀች ቆመች። እኔ ወንበር እያስተካከልኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ «ና ግባ እንጂ፣ ምን ትቆማለህ?» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የታወቀኝ። ሰብለ በክርኗ ጎሸመችኝ። ቀና ስል ትርንጎ አሁንም በሩ ላይ ናት፤ አታለቅስም፣ አትስቅም፣ ብቻ ታየኛለች። አይዞሽ ልላት ነው፣ ሕጉ ደግሞ አይፈቅድም፣ ጥለቴ ደግሞ አልቋል።

ገባች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«እዚህ ውስጥ ሲሆን አንተ ይበሉኝ» አለች። «ከዚያ በር ስወጣ ግን አንቺ ነኝ።»